በሰፈሩት ቁና፦ የግራፊክስ አቅምን በሊኑክስ ላይ የመለካት አጭር ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ፤ ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት አድርገውበታል።)

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፦ በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ከሰፈሬ ልጀምር። የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር የሥነ ሕንፃ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ገና ሳይቀመጥ “ጋሼ፣ ሸውደውኛል መሰለኝ” አለኝ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ የተገዛውም እናቱ ከዕቁብ በደረሳቸው ብር ነው። ሻጩ “ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አለው” ብሎ፣ ከጎኑ ከተደረደሩት ሁሉ አስወድዶ ሸጦለታል። ልጁ ግን ቤት ወስዶ ሊኑክስ ከጫነበት በኋላ ጂኤልማርክ ቱ በተባለ የግራፊክስ መለኪያ ቢፈትነው፣ የወጣው ውጤት ካርድ ከሌለው ከጓደኛው አሮጌ ኮምፒዩተር ውጤት ያነሰ ሆነ። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ወደ ሻጩ ሊሄድ፣ እምቢ ካለውም ነገሩን ለፖሊስ ሊያደርስ ቆርጧል።

“ሥዕሉን የሳለው ማን እንደሆነ አይተሃል?” ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው አልገባውም። መለኪያው ሥራውን ሲጀምር፣ ሥዕሉን የሚሠራለት ማን እንደሆነ ከላይ ባሉት መስመሮች ይጽፋል። አብረን ብናነበው የካርዱ ስም የለም፤ በቦታው የተጻፈው “ኤልኤልቪኤምፓይፕ” የሚል ነው። ይህ፣ የሚሠራ ካርድ ሳይገኝ ሲቀር ሥዕሉን በዋናው ፕሮሰሰር ጉልበት ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር ስም ነው። ልጁ ሊኑክስን ሲጭን፣ ስክሪኑ እንዳይጨልምበት ፈርቶ፣ “በጥንቃቄ ግራፊክስ ጫን” የሚለውን ምርጫ መርጦ ኖሯል፤ ያ ምርጫ ከጭነቱ በኋላም ሳይነሳ ቀርቶ ካርዱን ከሥራ ውጭ አድርጎታል። ካርዱ በቦታው አለ፤ የሚቀሰቅሰው አጥቶ ተኝቷል። የተለካው ሌላ ዕቃ ነበር።

ይህን ስሕተት ቶሎ የለየሁት በብልኀቴ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ከዚህ የከፋውን እኔው ራሴ ሠርቼው ስለነበር ነው። ወደ እርሱ እመለስበታለሁ። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአቅም መለኪያ የሚያወጣው ቁጥር የካርዱ ብቻ ቁጥር ሆኖ አያውቅም፤ ከፕሮግራሙ አንሥቶ በድራይቨሩና በከርነሉ አልፎ እስከ ስክሪኑ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ቁጥር ነው። በሊኑክስ ላይ ግራፊክስን የመለካት ታሪክም፣ ያን መንገድ ማየት የተፈቀደለት ማን ነው በሚል ጥያቄ ላይ የተደረገ የሠላሳ ዓመት ሙግት ታሪክ ነው።

ቁናና ቤንችማርክ

“ቤንችማርክ” የሚለው ቃል ከኮምፒዩተር በፊት የቀያሾች ቃል ነበር። የእንግሊዝ ቀያሾች በድንጋይ ላይ አግድም መስመር ይቀርጹና በእርሱ ላይ ብረት አሳርፈው የከፍታ መለኪያ ዘንጋቸውን ያቆሙበት ነበር። ያ ምልክት ከፍታው አስቀድሞ የታወቀ ነጥብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይለካል። ምልክቱ ከተነቀለ ወይም የት እንደነበረ ካልታወቀ፣ ከእርሱ ተነሥቶ የተጻፈው ከፍታ ሁሉ ትርጉም ያጣል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ባሳተሙት የአገራችን መለኪያዎች ታሪክ ላይ እንዳሳዩት፣ የእህል መስፈሪያችን መጠን ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። ክንድም እንደ ክንዱ ባለቤት ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ “አምስት ቁና ጤፍ” የሚለው ቃል ለነጋዴው ሙሉ መረጃ አልነበረም፤ “በየትኛው ገበያ ቁና?” ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያን ሳይጠይቅ የተዋዋለ፣ ማንም ሳይዋሸው ይከስር ነበር። ጎረቤቴ የገጠመው ይኸው ነው።

ከኤክስ እስከ ሜሳ

በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም መስኮትና ሥዕል በስክሪን ላይ እንዲታይ ያደረገው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም የተጀመረው በ1984 በኤምአይቲ ነው። የኤክስን ፍጥነት ለመለካት ከተሠሩት የመጀመሪያ መሣሪያዎች አንዱ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተጻፈው ኤክስ ኢሌቨን ፐርፍ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች መለኪያዎች የተለያዩ ፈተናዎችን አጨምቀው አንድ ነጠላ ነጥብ ይሰጡ ነበር። የኤክስ ኢሌቨን ፐርፍ ጸሐፊዎች ይህን እንደማያደርጉ በመሣሪያው መመሪያ ላይ በግልጽ አሰፈሩ፤ እንዲህ ያለው ነጠላ ቁጥር ቢበዛ የማያስተምር፣ ሲከፋም አሳሳች ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ መስመር መሣልን ለብቻው፣ ፊደል መጻፍን ለብቻው፣ መስኮት ማንቀሳቀስን ለብቻው ለኩ። ውጤቱ ረጅምና አሰልቺ ዝርዝር ነው፤ ነገር ግን ሐቀኛ ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ነው። ሲልከን ግራፊክስ የተባለው ኩባንያ ለራሱ ውድ ኮምፒዩተሮች የሠራውን የሥዕል ቋንቋ በ1992 ኦፕንጂኤል ብሎ ለሌሎችም ከፈተው። በ1991 የተወለደው ሊኑክስ ግን ያን ቋንቋ የሚናገር ካርድም ድራይቨርም አልነበረውም። ብራያን ፖል የተባለ ፕሮግራመር በ1993 በትርፍ ጊዜው ሜሳ የተባለውን ሥራ ጀመረና በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ሜሳ የኦፕንጂኤልን ትእዛዞች ተቀብሎ ያለ ካርድ፣ በፕሮሰሰሩ ብቻ ይሥል ነበር። ቀርፋፋ ነበር፤ ነገር ግን ምንጭ ኮዱ ክፍት በመሆኑ እያንዳንዱ ነጥብ በስክሪኑ ላይ እንዴት እንዳረፈ ማንም ሊያነብ ይችል ነበር። የጎረቤቴን ላፕቶፕ ያሳሳተው ኤልኤልቪኤምፓይፕ የዚሁ የሜሳ ልጅ ነው። የዛሬዎቹ ክፍት የካርድ ድራይቨሮች አብዛኞቹም የቆሙት በሜሳ ላይ ነው።

ሦስቱ ማርሾች

ከሜሳ ጋር የመጣ አንድ ትንሽ ማሳያ ፕሮግራም አለ፤ ጂኤልኤክስጊርስ ይባላል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ማርሾች ጥርሳቸውን አጋጥመው ይሽከረከራሉ። ፕሮግራሙ በየአምስት ሰከንዱ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሣለ ይጽፋል። የተሠራው ኦፕንጂኤል መሥራቱን ለማሳየት ነው። ነገር ግን ቁጥር ስለሚጽፍ፣ በየትኛውም ሊኑክስ ላይ ስለሚገኝና ስለሚቀል፣ ሰዎች መለኪያ አደረጉት። አዘጋጆቹ “ይህ መለኪያ አይደለም” ቢሉም የሰማቸው ጥቂት ነበር። በመጨረሻም በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ፣ ተጠቃሚው “ይህ መሣሪያ ቤንችማርክ አለመሆኑን አምናለሁ” የሚል ትርጉም ያለው ረጅም ትእዛዝ አንድ ላይ አያይዞ ካልጻፈ በቀር ቁጥሩ እንዳይታይ አደረጉ። በሶፍትዌር ታሪክ ውስጥ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ቃለ መሐላ ያስገባበት ጊዜ ብዙ አይመስለኝም።

እኔም ቃል ሳልገባ ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ተቋም ውስጥ ሳገለግል፣ በእርዳታ የመጡ ሁለት ዓይነት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እንድገመግም ታዘዝሁ። ለተማሪዎች ላቦራቶሪ የሚሆኑት ተለይተው የቀሩት እንዲወገዱ ነበር የታሰበው። በሁለቱም ላይ ሊኑክስ ጫንሁና ሦስቱን ማርሾች አስኬድሁ። በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ቁጥሩ ከ300 በላይ ሆነ፤ በሁለተኛው ላይ 60 ብቻ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ያው 60 ነው። “ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው በአምስት እጥፍ ይደክማል” ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ኮምፒዩተሮቹም ወደ መጋዘን ተወሰዱ።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የካርዱ ድራይቨር አልሠራም ነበር፤ ትንሿን መስኮት ፕሮሰሰሩ ብቻውን እየሣለ፣ ስክሪኑ ሊያሳይ የማይችለውን ፍሬም ጭምር በከንቱ ይቆጥራል። በሁለተኞቹ ላይ ግን ድራይቨሩ በትክክል ሠርቶ፣ ካርዱ እያንዳንዱን ፍሬም ከስክሪኑ እድሳት ጋር ያስማማ ነበር። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ስለዚህ ካርዱም 60 ሥሎ ያርፋል። እኔ ድካም ያልሁት ሥርዓት ነበር። የተሻሉትን ጥዬ የባሱትን መረጥሁ። ይህን የተረዳሁት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ የድራይቨር ማስታወሻ ሳነብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተወገዱት ከመጋዘን ወጥተው ሄደው ነበር። በዚያ ዓመት ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር የተማሩት ልጆች ምክንያቱን አያውቁም። ምክንያቱ ግን እኔ የፈረምሁባት አንዲት ቁጥር ነበረች።

የተዘጋው ሳጥን

የእኔ ስሕተት ካለማወቅ የመጣ ነው፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ሆን ተብሎ ስለ ተሠራ ነገር ነው። በ1999 መጨረሻ የወጣው ኩዌክ ሦስት አሬና የተባለው ጨዋታ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራ ስለነበረ የዘመኑ ዋና የግራፊክስ መለኪያ ሆነ። የተቀዳ ጨዋታን በሙሉ ፍጥነት አጫውቶ አማካዩን ፍሬም ይሰጣል። በ2001 የኤቲአይ ኩባንያ ራዲዮን 8500 የተባለ ካርዱን ሲያወጣ፣ የዊንዶውስ ድራይቨሩ “ኩዌክ” የሚለውን የፕሮግራም ስም ለይቶ እንደሚያውቅ ተደረሰበት። ፈታኞች በፋይሉ ስም ላይ ያለውን ኩዌክ የሚለውን ቃል “ኳክ” ብለው ቢለውጡት ፍጥነቱ ወረደ፣ የሥዕሉ ጥራት ግን ተሻሻለ። ድራይቨሩ መለኪያው መምጣቱን አውቆ፣ ጥራቱን ቀንሶ ፍጥነትን ያተርፍ ነበር ማለት ነው። በ2003 ደግሞ የስሪዲማርክ አዘጋጅ የሆነው ፊውቸርማርክ የኤንቪዲያ ድራይቨር በመለኪያው ላይ ያደረገውን ተመሳሳይ ነገር መርምሮ ይፋ አወጣ። ኋላ ግን ሁለቱ ኩባንያዎች ቃሉን ያለዘበ የጋራ መግለጫ ሰጡ።

በሁለቱም ጊዜ ድራይቨሩ የተዘጋ ሳጥን ነበር። ውስጡን ማየት የማይቻል በመሆኑ፣ ተጠራጣሪዎች የነበራቸው ዘዴ እንደ መርማሪ ዳኛ ስም እየለወጡ ምስክሩን መፈተን ብቻ ነበር። የሊኑክስ ሰዎች ክርክር እዚህ ላይ ነው ክብደት ያገኘው። ክፍት ድራይቨርን ይጠይቁ የነበረው ለመርሕ ሲሉ ብቻ ነው የሚል ወቀሳ ይቀርብባቸው ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው የመለካት ጥያቄም ነበር። የመስፈሪያው ሥር በማይታይበት ገበያ ማን ገዝቶ ይተማመናል?

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። ኤቲአይን በ2006 የገዛው ኤኤምዲ በመስከረም 2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች መልቀቅና ክፍት ድራይቨርን መደገፍ ጀመረ። በኤንቪዲያ በኩል በር ባለመከፈቱ፣ ኑቮ የተባለው ቡድን ከ2006 ጀምሮ የካርዶቹን አሠራር ከውጭ ሆኖ እየመረመረ ድራይቨር ጻፈ። ከ2014 በኋላ በወጡት ካርዶች ላይ ግን ኩባንያው የተፈረመ ፈርምዌር ጠየቀ። የኑቮ ድራይቨርም የካርዱን ፍጥነት ከፍ የማድረግ ፈቃድ አጥቶ ካርዱ ሲነሣ ባለው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ተወሰነ። በዚያ ዘመን በኑቮ የተለካ የኤንቪዲያ ካርድ ውጤት የካርዱን ጉልበት አያሳይም፤ የተቆለፈበትን በር ያሳያል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኩባንያውን በአደባባይ የዘለፈው በዚህ ቁጭት ውስጥ ነው። ኤንቪዲያ የከርነል ክፍሎቹን ኮድ የከፈተው በ2022 ነው። ኑቮም ለአዳዲሶቹ ካርዶች የኩባንያውን ፈርምዌር ተጠቅሞ ፍጥነትን ማስተካከል የቻለው በሊኑክስ ከርነል 6.7፣ ማለትም በ2024 መጀመሪያ ነው።

ከ6 ወደ 315

መንገዱ ሲከፈት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ለብዙ ዓመታት “ሊኑክስ ለግራፊክስ አይሆንም” የሚለው አባባል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይወሰድ ነበር። በ2012 ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ሌፍት ፎር ዴድ ቱ የተባለ ጨዋታውን ወደ ኡቡንቱ 12.04 አመጣ። ካርዱ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 680 ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ ጨዋታው በሰከንድ 270.6 ፍሬም ይሠራ ነበር። ሊኑክስ ላይ መጀመሪያ ሲነሣ 6 ፍሬም ሰጠ። ያን ቀን ለክቶ የሄደ ሰው ሊኑክስ በአርባ አምስት እጥፍ ይሰንፋል ብሎ በጻፈ ነበር።

ኩባንያው ግን ልኬቱን እንደ ፍርድ አልቆጠረውም፤ እንደ ምርመራ መነሻ ቆጠረው። ጨዋታውን ከሊኑክስ ከርነልና ከኦፕንጂኤል ጋር አስማሙ፣ ከካርድ አምራቾች ጋር ተቀምጠው ድራይቨሮቹን አሻሻሉ። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ያወጡት ቁጥር 315 ሆነ፤ በዚያው ካርድ፣ በዚያው ኮምፒዩተር። ከዚያም ሊኑክስ ላይ የተማሩትን ወደ ዊንዶውስ መልሰው በዚያ ያለውን የኦፕንጂኤል ቅጂ ወደ 303.4 አደረሱት። ስለዚህ 6ም 315ም እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው። የለወጣቸው በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

መለኪያዎቹም በዚያው ዘመን ጎለመሱ። ማይክል ላራቤል በ2004 የመሠረተው ፎሮኒክስ በ2008 ፎሮኒክስ ቴስት ሱት የተባለውን ክፍት መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ አንዱን ፈተና ደጋግሞ ያስኬዳል፤ ውጤቶቹ ከተራራቁበት ድግግሞሹን ይጨምራል፤ ከቁጥሩ ጋርም የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱን፣ የከርነሉንና የድራይቨሩን ስምና ስሪት አያይዞ ይመዘግባል። ዩኒጂን የተባለው ኩባንያ በ2009 ሄቨን የተባለውን፣ በ2017 ደግሞ ሱፐርፖዚሽን የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ ሁለቱም በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። በ2016 ቩልካን፣ በ2018 ደግሞ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮቶን ተከተሉ። ዛሬ አንድ የዊንዶውስ ጨዋታ በሊኑክስ ላይ ሲለካ የሚለካው ጨዋታው፣ ተርጓሚው፣ ድራይቨሩና ካርዱ በአንድነት ነው። መንገዱ ረዝሟል፤ ግን አብዛኛው ክፍሉ ይታያል።

በእኛ ሰማይ ሥር

ወደ አገራችን ልመለስ። ሊኑክስ ወደ እኔ ትውልድ እጅ የገባው በፖስታ ነው። ኡቡንቱ ከተጀመረበት ከ2004 ብዙም ሳይቆይ፣ አዘጋጆቹ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነፃ እስከ 2011 ድረስ ይልኩ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር የመጣችው ፖስታ ብዙ እጅ ዞራለች። ሲዲው ግን የተዘጉትን ድራይቨሮች አሟልቶ አይዝም፤ እነርሱን ማውረድ ግድ ነው። አንድ መቶ ሜጋባይት በስልክ መስመር፣ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ፍጥነት፣ መስመሩ ባይቋረጥ እንኳ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መስመሩ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሊኑክስን ያየነው ካርዱ ተኝቶ ሳለ ነው። “ሊኑክስ ይጎተታል” የሚለው የዚያ ዘመን ፍርዳችን፣ በከፊል በስልክ መስመራችን ላይ የተሰጠ ፍርድ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የተባለው ፕሮጀክት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ናቸው። የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ፕሮሰሰራቸው 433 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪያቸው 256 ሜጋባይት ነው፤ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚያፋጥን ካርድ የላቸውም። በፍሬም ብንለካቸው ከዜሮ የማይርቅ ቁጥር ይሰጡናል። ነገር ግን ስክሪናቸው በጠራራ ፀሐይ፣ በሜዳ ላይ ይነበባል፤ ኤሌክትሪክ የሚፈጁትም እጅግ ጥቂት ነው። ፀሐይ ላይ መነበብን የሚለካ የግራፊክስ መለኪያ በእጃችን አልነበረም። እያንዳንዱ መለኪያ ሲሠራ “ምን ዋጋ አለው?” የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶ ነው የሚመጣው፤ መልሱ የማን እንደሆነ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የኮምፒዩተር ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በሚገፋው አየር መጠን ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ያው ማራገቢያ፣ በያው ዙር፣ ያነሰ ሙቀት ያወጣል። ካርድ ሲግል ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የታተመን ውጤት ከጀሞ ውጤት ጋር ስናወዳድር፣ በተለይ ፈተናው ረዘም ያለ ከሆነ፣ ይህን መዘንጋት የለብንም። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ በባትሪ ላይ ያለ ላፕቶፕም ካርዱን ያለዝባል። ከጎረቤቴ ጋር በዚያ እሑድ ስንለካ ይኸው ደርሶብናል፤ ፈተናው እኩል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋና ቁጥሩ ዓይናችን እያየ አሽቆለቆለ። ያን ውጤት ጣልነው፤ መብራት እስኪመጣ ቡና ጠጣን።

ማጠቃለያ

መብራት ሲመጣ የተረሳውን ምርጫ አነሣን፣ ድራይቨሩን ጫንን፣ ፈተናው በካርዱ ላይ እንዲሄድ አዘዝን። የካርዱ ስም በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ወጣ፤ ውጤቱም ከቀድሞው ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ “ሰውየውን ሌባ ልለው ነበር እኮ” አለ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስሰማ፣ ያኔ ስለፈረምሁት ወረቀት አሰብሁ። ልጁ ከመፍረዱ በፊት ሊጠይቅ መጣ፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም ነበር። እርሱ ሊበድል የነበረው አንድ ሻጭ ነው፤ እኔ የበደልሁት አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪዎችን ነው። በሁለታችንም እጅ የነበረው ቁጥር አልተጭበረበረም። የጎደለው የቁጥሩ ምስክር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስቸግረው በዚህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የግራፊክስ ውጤት ስታሰፍሩ፣ ሥዕሉን የሳለው ማን እንደሆነ ጻፉ። የድራይቨሩንና የከርነሉን ስሪት ጻፉ። የመስኮቱን ስፋት፣ ፍሬሙ ከስክሪኑ እድሳት ጋር ተሳስሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ። ቻርጀር ላይ ነበር ወይስ ባትሪ ላይ? ክፍሉ ምን ያህል ይሞቅ ነበር? ስንት ጊዜ ደገማችሁት፣ በውጤቶቹ መካከል ያለው ልዩነትስ ምን ያህል ነው? ይህ ሁሉ ሲጻፍ ሌላ ሰው፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ከፍታ፣ የእናንተን ልኬት ደግሞ ሊሠራውና ሊቃወማችሁ ይችላል። ሊቃወሙት የማይቻል ልኬት ዕውቀት አይሆንም።

ክፍት የሆነው ስርዓተ ክወና ከሁሉ ፈጣን ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። አንዳንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። የሰጠን ትልቅ ነገር ለምን እንደዘገየ መጠየቅ መቻላችን ነው፤ ቁናውን ገልብጠን ሥሩን እንድናይ ፈቅዶልናል። ይህ ፈቃድ ካልተጠቀሙበት ግን ምንም አያደርግም፤ ሦስቱ ማርሾች ሲሽከረከሩ ያየሁበት ስርዓት ክፍት ነበር፤ አላነበብሁትም እንጂ።

አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለዋል። እኛ በየላቦራቶሪውና በየግምገማው የምንሰፍርባቸው ቁጥሮች ነገ በሌሎች እጅ እኛኑ ይሰፍሩናል፤ ዕቃ ያስገዛሉ፣ ዕቃ ያስጥላሉ፣ ተማሪን ከኮምፒዩተር ያገናኛሉ ወይም ይለያሉ። ጎረቤቴ በማግሥቱ ሰኞ ወደ ሻጩ ሄዶ ነበር፤ ጓደኞቹን ሳያስከትል፣ ብቻውን። የሄደው የተሻለ ቻርጀር ሊገዛ ነው።